ነፋስ እንዳይገባ

ዳማከሴ በሸተተኝ ቁጥር የሚታየኝ የተዘጋ በር ነው። ከሥሩ ያለችውን ክፍተት በአሮጌ ቀሚስ የወተፍኩት ራሴ ነኝ። አሥር ዓመቴ ነበር፤ ፊደል አልቆጠርኩም።

ከተማችንን ያኔ ናዝሬት ነበር የምንላት። የእኔ ዘመን ልጆች ያንን ነፋስ ታስታውሱታላችሁ፤ ጥርሳችን ውስጥ አሸዋ ትቶ የሚያልፈውን። ጉንፋን ሲገባ ጥፋቱ ሁሉ የእሱ ነበር። የባሕር ዛፍ ቅጠል ተቀቅሎ ተከናንበን እንታጠናለን፤ ዳማከሴው ታሽቶ አፍንጫችን ሥር ይጨመቃል፤ ዝንጅብሉ ጉሮሯችንን ይልጠዋል። እውነቱን ለመናገር ደስ ይል ነበር። ውሃውን ግን የታመመውም ያልታመመውም በአንድ ጣሳ ይጠጣል፤ ንፍጥ የጠረገ እጅ ሳይታጠብ ያጎርሳል። ያንን የጠረጠረ ሰው አልነበረም።

ታናሽ እህቴ ሰናይት ሰባት ወሯ ነበር። ጉንፋኑን ያመጣሁባት እኔ ሳልሆን አልቀርም፤ ሦስት ቀን ሙሉ እያስነጠስኩ አዝያታለሁ፣ ስሜያታለሁ። እማዬ ሽንኩርት ትነግድ ነበርና ከገበያ መቅረት አልቻለችም። ስትወጣ ከሰል አያይዛ፣ መስኮቱን ዘግታ፣ ማንም ቢመጣ በሩን እንዳልከፍት አስጠነቀቀችኝ። “ነፋስ ሳይነካት ከጠበቅሽልኝ ሰኞ ወስጄ ትምህርት ቤት አስመዘግብሻለሁ” አለችኝ። እንዲህ ያለ ቃል ከአፏ ሲወጣ የመጀመሪያው ነበር።

ሰናይት እስከ ምሳ ሰዓት አለቀሰች። ከዚያ ማልቀሷን ተወች፤ ተሻላት ብዬ ደስ አለኝ። ቀረብ ብዬ ሳያት ትንፋሿ እንደሮጠ ሰው ቶሎ ቶሎ ይላል፤ አየር በሳበች ቁጥር ከጎድኗ ሥር ያለው ቆዳ ወደ ውስጥ ይሰረጎዳል። በማንኪያ የሰጠኋት ውሃ በአገጯ ወረደ።

ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ ጤና ጣቢያ በጽዳት የሚሠሩ ሴት ነበሩ። የትንፋሿን ድምፅ በግድግዳው ሰምተው መጥተው አንኳኩ።

“አልሚ፣ ክፈቺልኝ እናቴ። ይሄ አተነፋፈስ የጉንፋን አይደለም፤ ይዣት ልሂድ።”

እማዬ ከልክላኛለች አልኳቸው። ለእናትሽ እኔ እነግራታለሁ አሉኝ። እጄ መቀርቀሪያው ላይ ነበር። ሰኞን አሰብኩ። አልከፈትኩም።

እትዬ ዘይነባ እማዬን ሊጠሩ ወደ ገበያ ሮጡ። ተያይዘው ሲመጡ የሰናይት ከንፈር ጠቁሯል። ጤና ጣቢያው በር ድረስ ብቻ ነው ትንፋሿ የቆየው።

ለቅሶ እንደተቀመጥን እማዬ ሰው ሁሉ ፊት ጠየቀችኝ። “በሩን ከፍተሽባታል አይደል?”

“አልከፈትኩም” አልኳት።

አላመነችኝም። ነፋስ ባይመታት ልጄ ደህና ነበረች እያለች ለመጣው ሁሉ ትናገራለች። አጠገቧ የተቀመጡት እትዬ ዘይነባ ቀና ብለው አዩኝ፤ ከዚያ ሻሻቸውን ማስተካከል ጀመሩ። ስላልመሰከሩልኝ ለብዙ ዓመት ተቀይሜያቸው ኖርኩ። አልከፈተችም ማለት የገደላት የእናትየዋ ትእዛዝ ነው ማለት እንደነበር የገባኝ ዘግይቶ ነው። ያንን እማዬ ላይ መጫን አልቻሉም፤ እኔ ላይ ቀረ።

ሰኞ መጥቶ አለፈ። አደራ የማትጠብቅ ልጅ ተምራ ምን ታደርጋለች ተባለ። ትምህርት ቤት የገባሁት ከሦስት ዓመት በኋላ ነው፣ ወገቤ ላይ ከሚደርሱ ልጆች ጋር። ሰባተኛ ክፍል ስደርስ መጽሐፉ ላይ አገኘሁት፦ ጉንፋን በእጅና በትንፋሽ ይተላለፋል፤ ቤቱ አየር ያግኝ፤ ትንፋሹ የፈጠነና ደረቱ የሚሰረጎድ ሕፃን ሳይውል ሳያድር ይታከም። ግማሽ ገጽ ነው። ግማሽም አይሞላም፤ ሥዕል አለበት።

እማዬ አሁን ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። ሰሞኑን ጉንፋን ይዟታል። ብርጭቆዋን ለይቻለሁ፣ እጄን እየታጠብኩ ሾርባ እሰጣታለሁ፣ ሰዓት ይዤ ትንፋሿን እቆጥራለሁ። ዳማከሴዋንም አልከለከልኳትም። ትናንት ከሰዓት በኋላ ያ ነፋስ ተነሳ። እማዬ ፊቷን ወደ ግድግዳ እንዳዞረች፣

“አልሚ፣ መስኮቱን ዘግተሻል?” አለችኝ።

ከመጋረጃው ጀርባ ስንዝር ያህል ከፍቼዋለሁ። “ዘግቻለሁ” አልኳት።

“ተባረኪ” ብላ ዓይኗን ጨፈነች። እውነቱን የነገርኳት ቀን ግን አላመነችኝም።