ፀሐይ ላይ ያሰጣሁት አረንጓዴ ዱቄት

በፈረንጅ ሁለት ሺህ ስድስት ነው። ስልሳ አምስት ዓመቴ ነበር። ኪፓንዴዬ ላይ ግን ስልሳ ይላል፤ መታወቂያውን የጻፈልኝ ሰውዬ ፊቴን አይቶ ነው የገመተው፣ እኔም አላረምኩትም። ፊደል የቆጠርኩት ከጎለመስኩ በኋላ ነው፣ ያውም የጆንያ ቁጥር ለመጻፍ ያህል። እዚህ ላይ ብስት አንባቢ ይቅር ይበለኝ።

ሥራዬ የከብት ጨው ነው። በኢትዮጵያ በኩል ገደል ውስጥ ያለ ሐይቅ አለ። ሰዎች ጠልቀው ጥቁር ጭቃ ያወጣሉ፤ ጭቃው ሲደርቅ ጨው ነው። አህያ ከገደሉ ያወጣዋል፣ መኪና ሞያሌ ያደርሰዋል፣ እኔ በኬንያ በኩል ሆኜ ለጎልቦና ለቦሪ ቆላ አርቢዎች እሸጠዋለሁ። ወጣት ሳለሁ እኔም እዚያው እየወረድኩ ጭቃውን አውጥቻለሁ። የዚህ ሥራ ሕጉ አንድ ነው፤ እርጥበት የነካው ዕቃ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ሸራ ትዘረጋለህ፣ ታሰጣለህ፣ ታገላብጣለህ፣ ሲደርቅ ትከታለህ። በአርባ ዓመት ውስጥ ፀሐይ ያበላሸብኝ ዕቃ አልነበረም።

ያን ዓመት ዝናቡ ሁለት ወቅት ቀረ። የጎልቦ ከብት አለቀ፣ ወተት ከከተማው ጠፋ። እኛም ቤት የሚበላው የእርዳታ በቆሎ ነበር፣ ሻዩም ያለ ወተት። ሱኩማ የምንለው ጎመን ከታች በጭነት መኪና ይመጣል፤ ሞያሌ ሲደርስ ቢጫ ሆኗል፣ ዋጋውም አይቀመስም። ጨው የሚገዛ አርቢ ስለሌለ እኔ ቤት ዋልኩ።

ቤት ውስጥ ሦስት ነበርን፤ እኔ፣ ባለቤቴና የልጄ ሚስት። ልጄ በናይሮቢ መስመር የጭነት መኪና ይነዳል፣ በወር አንዴ ብቅ ቢል ነው። ምራቴ የስድስት ወር እርጉዝ ነበረች፣ የመጀመሪያዋ።

አንድ ቀን መግሪብ ሰግጄ ተቀመጥኩ። ምራቴ ሻይ ልትቀዳልኝ መጣችና ከብርጭቆው አጠገብ አፈሰሰችው። ጉልበቴ ላይ ነው የወረደው።

"ልጄ፣ ብርጭቆው ወዲህ ነው" አልኳት።

"ይቅርታ አባ" አለች። ብርጭቆውን ግን በዓይኗ አልፈለገችውም፣ በእጇ ዳበሰችው።

ባለቤቴ ፋኖሱን አንስታ ፊቷ አጠገብ አደረገች። "ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ምኑ?"

"ሲመሽ የማታዪው።"

ማንቆርቆሪያውን መሬት አሳረፈች። "ሦስት ሳምንት ይሆናል። ባለፈው ፍየሏ ጣለችኝ ያልኳችሁ ውሸቴን ነው። ገመዱን አላየሁትም።"

ዳፍንት ነው። ቀን ደህና ታያለች፣ ፀሐይ ስትገባ ዓለሙ ይዘጋባታል። የድሮ ሰው ለዚህ ጉበት ያበላ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ሉካንዳዎቹ ተዘግተው ነበር።

በማግስቱ ክሊኒክ ወሰድኳት። ሲስተሯ እናቷ ከማዶ ስለሆነች አማርኛ ታውቃለች፤ እኔን ግን በስዋሂሊ ምዜ ነው የምትለኝ፣ ሽማግሌው ለማለት።

"ቫይታሚን ኤ አንሷታል" አለች። "ዝም ከተባለ ዓይኗ ራሱ ይጎዳል። ሕፃኑም ከጡቷ የሚያገኘው ይጎድልበታል።"

"እንክብሉን ስጫታ።"

"ትልቁ እንክብል ለወለደች እንጂ ለእርጉዝ አይሰጥም ምዜ፤ ጽንሱን ሊጎዳ ይችላል።" ከመደርደሪያ አንድ ቆርቆሮ አወረደች። ውስጡ ጥቁር የሚመስል አረንጓዴ ዱቄት ነው። "ይሄ ስፒሩሊና ይባላል። ውሃ ውስጥ የሚያድግ ደቃቅ አልጌ ነው፤ አንዷን ብቻዋን በዓይን አያዩዋትም። ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው ነገር አለው። የሚፈልገውን ያህል ብቻ ስለሚለውጥ ለእሷ አያሰጋም። በቀን አንድ የሻይ ማንኪያ፣ የቀዘቀዘ ምግብ ላይ፣ ትንሽ ዘይት ጠብ አድርጋችሁ።"

አሸተትኩት። የሐይቃችን ዳር ሸተተኝ። እዚያ ውሃው አረንጓዴ ነው፤ ልብስ ላይ ሲደርቅ እንዲሁ ይሸታል።

"ይሄንንማ አውቀዋለሁ" አልኩ። "ከእግሬ ሳጥበው የኖርኩት ነው።"

"ከሐይቅ የተጨለፈ አይደለም፣ ንጹሕ ገንዳ ውስጥ ያደገ ነው። ደግሞ አልጨረስኩም..."

"እኔ ጨርሻለሁ። የውሃ ዝቃጭ ልታስተምሪኝ ነው?"

ቆርቆሮውን ያዝኩ፣ ምራቴን አስነሳሁ፣ ወጣን። እንዲህ ነበርኩ። አሁንም ብዙ አልተሻለኝም።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት ምራቴ አፍንጫዋን ይዛ ነው የበላችው። "ዓሣ ዓሣ ይላል" አለች። "አንቺ ደግሞ ዓሣ የት ታውቂና" አለቻት ባለቤቴ። በአምስተኛው ቀን ባለቤቴ እርጥብ ማንኪያ ከተተችበትና ዱቄቱ ተጓጎለ። እኔም የማውቀውን አደረግኩ። ጣራው ላይ ላስቲክ ዘርግቼ አሰጣሁት፣ ጠዋትና ከሰዓት እያገላበጥኩ፣ ሦስት ቀን። ደረቀልኝ። ሽታው ጠፋ። መልኩም ነጣ አለ፣ የገለባ ዓይነት ሆነ። በመዳፌ አሽቼ ብልቃጥ ውስጥ ከተትኩት፤ ባዶ ቆርቆሮውን ባለቤቴ ለመርፌና ለክር ወሰደችው። ምራቴ አፍንጫዋን ሳትይዝ መብላት ጀመረች።

"አየሽ" አልኳት፣ "የሐይቅ ነገር ፀሐይ ካላየ አይበላም።"

ሦስት ሳምንት አለፈ፣ ለውጥ የለም። ሲመሽ ባለቤቴ እጇን ይዛ ወደ ሽንት ቤት ትወስዳታለች። አንድ ጊዜ ጂኮውን፣ የከሰል ምድጃውን፣ ነክታ ሁለት ጣቷ ተላጠ። እኔ "አላልኳችሁም? ዝቃጭ ነው" ማለት ጀመርኩ። ምራቴ ግን አንድ ቀን ባለቤቴን ስትጠይቃት ሰማሁ። "ልጁ ማታ ትን ቢለው በምን አየዋለሁ?"

ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ ጥላ ስር ተቀምጠናል። ምራቴ ለሕፃኑ ጨርቅ ትሰፋለች፣ የክሩ ቆርቆሮ ጭኗ ላይ ነው። ሰባተኛ ክፍል ደርሳለች፣ እንግሊዝኛ ታነባለች።

"አባ" አለች።

"አቤት።"

"ፀሐይ እንዳይነካው ይላል።"

"ማነው የሚለው?"

"ቆርቆሮው።"

"ቆርቆሮ ምን ያውቃል?"

ባለቤቴ ሳቀች። ምራቴ አልሳቀችም። በጣቷ እየተከተለች ደግማ አነበበችው። ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ፣ ክዳኑ ይጥበቅ ነው የሚለው።

ብልቃጡን አምጥቼ ቆንጥሬ መዳፌ ላይ አደረግኩት። አረንጓዴ የሚባል የለበትም። የዚያን ጊዜ ከብቶቹ ትዝ አሉኝ። ድርቅ ሲረዝም፣ ከብት ፀሐይ የላሰውን ሣር ብቻ ሲበላ፣ አመሻሹ ላይ ይደናቀፋል፤ የበረቱን አጥር እየገፋ ይሄዳል። ዝናብ ጥሎ ለምለም ሲበላ ይተወዋል። ይህን ጎልቦ ውስጥ የማያውቅ አርቢ የለም። እኔም አውቃለሁ፤ ግን ለከብት ነበር የማውቀው።

"እንግዲህ ሦስት ሳምንት ገለባ ነው ያበላሃት" አለች ባለቤቴ።

"ለላም እንኳ ገለባ ሲሰጧት ጨው ይጨምሩላታል" አለች ምራቴ። ይህን ብላ ሳቀች፣ ከዚያ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ወደ እኔ አላየችም።

ማምሻውን ለሰላት ውዱ ልታደርግ ተነስታ ግድግዳውን እየዳበሰች ስትሄድ ከፊቷ ጄሪካኑን አነሳሁላት።

"አባ፣ እርስዎ ነዎት?"

"እኔ ነኝ።"

ጄሪካኑን እንደያዝኩ እስክታልፍ ቆምኩ።

የኋላውን ላስቀድምና የአንባቢ ልብ አይንጠልጠል። ምራቴ ሳትወልድ ማታ ማየት ጀመረች። ሲስተሯ ዱቄቱ ነው ትላለች። ባለቤቴ ዝናቡ መጥቶ ወተት ስለተገኘ ነው ትላለች። እኔ የማውቀው፣ ማየት ስትጀምር ዝናቡ ገና እንዳልመጣ ነው።

ጄሪካኑን ባነሳሁላት ማግስት በጠዋት ክሊኒክ ሄድኩና ከእርጉዞቹ ጋር ወንበር ላይ ተሰለፍኩ።

"አባ፣ ስንተኛ ወርዎ ነው?" አለችኝ አጠገቤ ያለችው።

"አልፎኛል፣ አልወለድ ብሎኝ ነው" አልኳት። ሴቶቹ ሳቁ፣ ቦታም አሰፉልኝ።

ተራዬ ሲደርስ ሲስተሯ አየችኝ። "ምዜ፣ ያውቁታል ብዬ ነበር።"

"ፀሐይ ላይ አሰጣሁት" አልኩ። "ሦስት ቀን።"

አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም። ወንበሩን አሳየችኝ። "አሁን እስክጨርስ ይቀመጡ።"

እስክትጨርስ ተቀመጥኩ። አዲሱን ቆርቆሮ ኮቴ ውስጥ አስገብቼ በመንገዱ ጥላ በኩል ወደ ቤት ሄድኩ።