ሳይሞት የፎከርኩበት ከርከሮ

ኅዳር ነበር። ድርቁ ካለፈ፣ አብዮቱ ከመጣ ገና ብዙም ሳይቆይ፣ ከመካነ ሰላም ቁልቁል ወደ ዓባይ በሚወርደው ቆላ የመንደራችን ማሽላ አሽቶ ነበር። ዘሩን ከዘመድ ለምነን ነው ያገኘነው። ታዲያ አንድ ግዙፍ ከርከሮ ጎህ ሲቀድ እየገባ አገዳውን ይገነድስብን ጀመር። ያቺ ማሽላ ካለቀች ዳግመኛ መሰደድ ነው፤ የስደቱን መንገድ ደግሞ ከመካከላችን የማያውቀው አልነበረም።

ለአደኑ የተመረጥኩት እኔ ነኝ። ጀግና ሆኜ እንዳይመስላችሁ፤ ስለ ራሴ ብዙ የማወራው እኔ ስለነበርኩ ነው። ጠመንጃዬ በአዋጅ ተሰብስቦ የቀረኝ የአያቴ ጦር ብቻ ነበር። አብሮኝ የወረደው አያ ይመር ወጌሻው፣ የወለቀ የሚመልስ፣ የተሰበረ የሚጠግን ሰው፣ ዱላ ብቻ ይዟል።

ቁልቁለቱን ስንወርድ ከኋላዬ ሆኖ አረማመዴን ሲያይ ቆየና፣ «አንተ አራጋው፣ ምነው እንደ ሰልፈኛ ተገተርክ? ጉልበትህን አላላ አድርግ እንጂ! ገትረህ ስትረግጥ ሸክሙ ከጡንቻው ያልፍና መገጣጠሚያው ላይ ይወድቃል» አለኝ።

«አያ ይመር፣ ወንድ ልጅ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄድ!» አልኩና ደረቴን ነፋሁ። ድርቁ ጭኔን ክንድ አሳክሎት ነበር፤ ለደረት ግን አየር አልጠፋም።

ጭጋጉ ሲገፈፍ ኮቴውን አገኘነው። ጭቃው ላይ ጠልቆ ታትሟል፤ ጠርዙ ገና እርጥብ ነው። ነፋሱ ከዓባይ ወደ ፊታችን ይነፍሳል፤ ሽታችንን ወደ ኋላ ይወስድልናል። ማሽላው ዳር ሲቆፍር ደረስንበት። በሆዴ ተሳብኩና ተነስቼ ጦሩን ከብብቱ ስር ሰካሁት። ተንደባለለና ወደቀ። ጦሬን ነቀልኩ።

እዚህ ላይ ዝም ብል ምን ነበረበት? ግን ግዳይ ጥሎ የማይፎክር ሰው የታል!

«ዘራፍ! የቆላው መብረቅ! የማሽላ ዘበኛ...» እያልኩ ወደ ላይ ዘለልኩ። በአየር ላይ ዞርኩ። በአንድ እግሬ፣ ግትር አድርጌ አረፍኩ። የጉልበቴ ሎሚ ወደ ጎን ተንሸራታ ሄደች፤ እኔም መሬት ላይ ተዘረርኩ። ፉከራዬ ሙት ይቀሰቅስ ኖሮ፣ ከርከሮው ተነሳ።

ደም እየተፋ፣ ክራንቻውን አሹሎ ወደ እኔ መጣ። ልነሳ ስል እግሬ የሌላ ሰው ሆነ።

«አትነሳ!» ጮኸ አያ ይመር። «በቂጥህ ተቀመጥ! የጦሩን ጭራ አፈር አስነክሰው! ክንድህ ይዝላል፣ መሬት አይዝልም!»

እንዳለኝ አደረግኩ። ከርከሮው በራሱ ጉልበት ጦሩ ላይ ገባበት። ዘንጉ ተንቀጠቀጠ፣ ጎበጠ፣ ተሰበረ። አውሬው ጫማዬ ላይ ወድቆ አንዴ አጓራና ጸጥ አለ። አያ ይመር በዱላው ሁለቴ ጎሸመው፤ አልተነቃነቀም።

ከዚያ አጠገቤ ተንበረከከ። «አብሽር! ወገብህን ቀና አድርገህ ተቀመጥ፤ የጭንህ ጡንቻ ይላላ። ሎሚዋን በቦታዋ የሚይዛት እሱ ነው። ያንተን ድርቁ በልቶታል፤ የቀረውን ደግሞ ፍርሃት ጨብጦታል።»

«አልላላም ብሎኛል!»

«እንግዲያው ፉከራህን ጨርሰው። የት ላይ ነበርክ? የማሽላ ዘበኛ?»

«የማሽላ ዘበኛ... የከርከሮ...» እያልኩ ቃል ስፈልግ፣ እግሬን ቀስ ብሎ ዘረጋና ሎሚዋን በአውራ ጣቱ ገፋት። ጠቅ! ፉከራው እሪታ ሆኖ አለቀ። አያ ይመር ጥምጣሙን ፈትቶ ጉልበቴን እየጠቀለለ እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

ጠዋት ጠዋት ደጃፍ ተቀምጬ እግሬን ዘርግቼ ጭኔን ሳጠነክርና ሳላላ አይታችሁ «አያ አራጋው ምን ሆኑ?» የምትባባሉበት ነገር የሱ ትእዛዝ ነው። ያኔ ማሽላው ጎተራ ሲገባ ጭኔም ሥጋ መልሶ ነበር። ቁልቁለትም ስወርድ ጉልበቴን አላላለሁ፤ ወንድነቴ እስካሁን አልወደቀም።

አውድማው ላይ ሰው ሁሉ «ፎክር!» ሲለኝ ደረቴን ነፍቼ ብድግ አልኩ። አያ ይመር እጁን አነሳ።

«ቆዩ ጎበዝ! መጀመሪያ ለጀግናችን በርጩማ አምጡለት።»

ተቀምጬ ፎከርኩ። ከዚያ ወዲህ በዚህ አገር ቁጭ ብሎ የሚፎክር እኔ ብቻ ነኝ። ሰርጋችሁ ላይ ስትጠሩኝ ጠላውን ብትረሱት ይቅር እላችኋለሁ፤ በርጩማዋን ግን አደራ።