አስካለ ትቀመጥባት የነበረችው ብረት

ትናንት ከቅዳሴ መልስ ልጄ ሰናይት ከሰፈራችን ከፌርፋክስ በመኪናዋ ይዛኝ ባሕሩ ዳር ሎንግ ቢች ወረደች። የድሮው ወደብ ፓርክ ሆኖ ተከፍቷል፣ እንየው ብላ ነው።

እኔ ያንን ቦታ የማውቀው ሲሚንቶና የዛገ ብረት ሆኖ ነው። ባለቤቴ አስካለ፣ ነፍሷን ይማርና፣ እዚያ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ታሽግ ነበር። ከሥራ ስትወጣ በታክሲዬ ልወስዳት ስሄድ፣ መርከብ የሚታሰርባት አጭር ወፍራም ብረት ላይ ተቀምጣ ነው የማገኛት... ጫማዋን አውልቃ።

አሁን ሁሉም ሳር ሆኗል። ባሕሩ ወደፊት ከፍ ይላል ብለው መሬቱን አፈር ሞልተው ከፍ አድርገውታል። ብረቷ የለችም።

ብረቷን እንደምፈልግ ሰናይት ገባት። «አባዬ፣ የፓርኩ ሥራ ሳይጀመር ሰው ሰብስበው ሲጠይቁ ሄደህ አልነበር? ለምን አልነገርካቸውም?»

ሄጃለሁ። ፕላኑን የሠራችው ፈረንጅ ልጅ ካርታዋን ዘርግታ «አሮጌው መሬት ከሥር ሊቀበር ነው፤ እንድናተርፍልዎት የሚፈልጉት ነገር አለ?» አለችኝ። ነገሩ አፌ ላይ ደርሷል... ግን ሰው እንዴት ገና በመጀመሪያው ጥያቄ አዎ ይላል? እንደ ወጉ «ኖ ኖ፣ አትቸገሪ» አልኳት። ቆይ፣ ደግማ ትለምነኛለች ብዬ።

«ኦኬ! ታንክ ዩ ሰር!» ብላ ወደሚቀጥለው ሰው ዞረች።

የሚቀጥለው ድሮ እዚያው ክሬን ይነዳ የነበረ ሜክሲካዊ ሽማግሌ ነው። ጠይቃ ሳትጨርስ «የስ! የክሬኔን መንጠቆ!» አላት። ይኸው መንጠቆው ተሰቅሎ፣ ዙሪያውን አበባ ተተክሎለት፣ ሰው ፎቶ ይነሳበታል።

እኔ ግን ተመልሳ ትመጣለች ብዬ ወንበር እስኪሰበሰብ ድረስ ቁጭ...

ሰናይት ሳቋ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «አባዬ፣ እዚህ አገር እኮ ኖ ካልክ ኖ ነው!»

«አንዴ ጠይቆ መሄድ የምን አስተዳደግ ነው?»

«ያኔውኑ ተመልሰህ ብትነግራትስ?»

«እኔ? ልለማመጣት?»

እኔም ብረቷ የነበረችበትን በግምት ፈልጌ ሳሩ ላይ ቆምኩ። ፀሐዩ ከሯል... ጉሮሮዬ ደርቋል።

«አባዬ፣ ውሃ ላምጣልህ?»

«አይ፣ ይቅር።»

«ኦኬ» ብላ ስልኳን ማየት ጀመረች።

በዚህ አገር ሦስቴ የምትጠይቀኝ አስካለ ብቻ ነበረች።