ማሻአላህ ያልተባለላት ጽጌረዳ

ትንሣኤ ሸዋ ሮቢት ውስጥ የሆቴል አንሶላ ስታጥብ ትውልና አመሻሽ ላይ ፌስቡክ ከፍታ የአበባ ወዳጆች ቡድን ውስጥ ትገባለች። አንድ ጊዜ የማጀቴ ከተማዋ ሩቂያ የጽጌረዳዋን ፎቶ ለጠፈች፤ ትንሣኤም «እንዴት ታምራለች!» ብቻ ብላ ጻፈች። ጽጌረዳዋ በሳምንቱ ጠወለገች። «ማሻአላህ ሳትል በዓይኗ በላቻት» ተብሎ በቡድኑ ተወራ።

ከዚያ ወዲህ ሙቀቱ እየፈጃት፣ ወገቧ እየተቆረጠ፣ ለሚለጠፈው እንቡጥም ቅጠልም ሁሉ «ማሻአላህ፣ ከዓይን ያውጣልሽ፣ እንኳን ደስ ያለሽ» ስትል ታመሻለች። አንዷን ከዘለለች ኩርፊያ ነው!

ዛሬ በጣሳ የተከለቻት የራሷ ጽጌረዳ ፈነዳች። ፎቶ አንስታ ልትለጥፍ ስልኳን አወጣች፤ ግን እንደ እሷ ደክሟቸው የሚጽፉት ሁሉ ታዩዋት።

«እነሱም ይረፉ» ብላ ስልኩን አጠፋች። ከዚያ አጎንብሳ፣ አንድም ቃል ሳትተነፍስ፣ አበባዋን እስኪበቃት አየቻት።