አራት ጠርሙስ የዱር ወይን ጠጅ ይዘን ወደ ፓሊሴድ

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፣ ኦሮራ፣ ኮሎራዶ

ጋሽ ዳኜ ክራቫት አስረው ከአፓርትመንታቸው ሲወጡ ሳይ ነገሩ የምር መሆኑ ገባኝ። ወሩ ሐምሌ ነው፤ የኮልፋክስ ጎዳና አስፋልት ከማለዳው መጋል ጀምሯል። እሳቸው ግን ለሰርግም ለለቅሶም የሚያወጧትን ሰማያዊ ሱፍ ልብስ ግጥም አድርገው ለብሰዋል። በእቅፋቸው የሙዝ ካርቶን ይዘዋል፤ ካርቶኑ ውስጥ በፎጣ የተጠቀለሉ አራት ጠርሙሶች አሉ።

«ቀስ ብለህ ንዳ፤ ወይን ጠጅ መንገጫገጭ አይወድም» አሉኝ ገና ሳልነሳ።

የጉዟችን ዓላማ አጭር ነው። የሮኪ ተራሮችን አቋርጠን፣ አራት ሰዓት ያህል ነድተን፣ ፓሊሴድ ወደምትባለው የኮክና የወይን አገር እንሄዳለን። እዚያ ኤለን የምትባል ባለወይን እርሻ አለች። ጋሽ ዳኜ የጠመቁትን ቀይ ወይን ጠጅ ቀምሳ ፍርዷን ትሰጣለች። ስልክ ስደውልላት «ከዱር ወይን ነው የጠመቃችሁት?» ብላ ሳቀች፤ ከዚያ «ስምንት ሰዓት ላይ አምጡት» አለች።

ጋሽ ዳኜን ኦሮራ ውስጥ በስማቸው የሚጠራቸው ጥቂት ሰው ነው። «ጠማቂው» ነው የሚባሉት። ዴንቨር ካፒቶል ሂል ሰፈር ተከራይተው በእግራቸው ሥራ ይሄዱ ከነበረበት ዘመን ጀምሮ፣ ዳውንታውን ፓርኪንግ ውስጥ ትኬት ሲቆርጡም፣ ጡረታ ከወጡም በኋላ ለሰው ሁሉ የሚናገሩት አንድ ነገር ነው፤ አገር ቤት ወይን ጠጅ ፋብሪካ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ጠማቂ ነበሩ። እዚህ ግን ሲጠምቁ ያያቸው የለም። ባለፈው ዓመት ማኅበር ላይ በላቸው የሚባለው ምላሱ የማያርፍ ጓደኛችን «ጋሼ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ወሬውን ጠጣነው፤ ወይን ጠጁ የታለ?» አላቸው። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው አልሳቁም። በሳምንቱ ደወሉልኝና «ወይን ፈልግልኝ» አሉኝ።

እኔ ሥራዬ አዛውንቶችን ክሊኒክ ማመላለስ ነው። ከደንበኞቼ አንዷ አሜሪካዊት አሮጊት ናቸው፤ የጓሯቸውን አጥር የዱር ወይን ውጦታል። ማንም አልተከለውም። ኮሎራዶ ውስጥ ከሁላችንም በፊት የነበረ፣ የአገሩ ተወላጅ ወይን ነው። ፍሬው ጥቁር ሆኖ ከሽንብራ ብዙም አይበልጥም፤ ሲቀምሱት አንድ ዓይን በግድ ይጨፈናል። አሮጊቷ «ወፎቹን ካስቆጣችሁ ኃላፊነቱ የራሳችሁ ነው» ብለው ፈቀዱልን። መስከረም ላይ ሁለት ቀን ሙሉ ለቀምን። ጣቶቼ እስከ ጥቅምት ድረስ ወይን ጠጅ ቀለም ነበሩ።

ሥራ ስንከፋፈል ጠማቂው ጋሽ ዳኜ፣ በርሜል አጣቢው እኔ ሆንኩ። አንድ ትንሽ ያገለገለ የእንጨት በርሜል ገዝተን ጋራዤ ውስጥ አስቀመጥን። «በደንብ እጠበው» ብቻ ነው ያሉኝ። እኔ ደግሞ ጠላ ከሚጠመቅበት ቤት ነው የወጣሁት፤ በእኛ ቤት ዕቃ ታጠበ የሚባለው በግራዋ ታሽቶ በወይራ ሲታጠን ነው። ሃቫና ጎዳና ካለው ሱቅ አንድ ከረጢት የወይራ ስንጣሪ ገዛሁ። ፍም ላይ አድርጌ የበርሜሉን አፍ ደፋሁበት። ጭሱ እንጨቱ ውስጥ እስኪሰርግ ጠበቅኩ፤ ከዚያ ለጥንቃቄ ደገምኩት። ለጋሽ ዳኜ አልነገርኳቸውም፤ የሚነገር ነገርም አልመሰለኝም። ጠዋት ፊቱን መታጠቡን ለሰው የሚያወራ ማን አለ?

እሳቸው ደግሞ ከኮቪድ ወዲህ ሽታ አይለዩም። ይህንን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። በየወሩ ትንሽ ቀድተው በምላሳቸው ያገላብጡና «ጠረኑስ?» ይሉኛል። እኔም አሸትቼ «ልብ ያርሳል!» እላለሁ። እውነቴን ነው፤ የምርጥ ጠላ ጠረን ነበረው።

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ዋሻው ውስጥ

መንገዱ ከዴንቨር ወጥቶ ወደ ላይ ብቻ ነው። መኪናዬ ታቃስታለች፤ ጆሯችን ይደፈናል። አይዘንሃወር ዋሻ ስንገባ ጋሽ ዳኜ የፋብሪካውን ታሪክ ይዘው ነበር። ድንገት አንድ ነገር ጧ! አለ። እኔ ጎማ ፈነዳ ብዬ መሪውን ጨበጥኩ። ጋሽ ዳኜ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አነሱ። በመካከላችን ካስቀመጥነው ካርቶን የአንዱ ጠርሙስ ቡሽ ጣሪያውን መትቶ ጭኔ ላይ አረፈ፤ ተከትሎም ወይን ጠጁ ነጭ ሸሚዜን ከኮሌታ እስከ ቀበቶ አለበሰው።

«ተመታን እንዴ?» አሉ እጃቸውን ሳያወርዱ።

«ቡሹ ነው ጋሼ። ከፍታው ገፍቶት ነው።»

«እኛ ሴፍቲ ቤልት አስረን ጠርሙሱን ሳናስር!»

ከዋሻው ማዶ ሲልቨርቶርን የምትባል ከተማ ቤንዚን ልቀዳ ቆምኩ። ጋሽ ዳኜ የቀሩትን ሦስት ጠርሙሶች ቡሽ በፕላስተር እየጠመጠሙ ነው። ገንዘብ ተቀባይዋ ልጅ ሸሚዜን አየችና አፍንጫዋን ነፋ አድርጋ «ካምፒንግ ነበራችሁ? የካምፕ እሳት ትሸታለህ» አለችኝ። አዎ ብዬ ወጣሁ። ጠዋት ገላዬን ታጥቤ ነው የወጣሁት፤ ምን ማለቷ እንደሆነ ግን ለማሰብ ጊዜ አልሰጠሁም። ያን ጊዜ የሚያስጨንቀኝ ፖሊስ ቢያስቆመን ይህን ሸሚዝ እንዴት አድርጌ እንደማስረዳ ብቻ ነበር።

ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል፣ የኮክ ሻጩ ዳስ

ከቬይል ከተማ በኋላ መንገዱ ወንዙን ተከትሎ ገደል ለገደል ይወርዳል። ቀይ ቋጥኝ ከግራ ከቀኝ ቆሟል። ሰማዩ ግን ጠይም ነበር፤ ራቅ ያለ ቦታ ጫካ እየተቃጠለ ነው። ፓሊሴድ መግቢያ ላይ ኮክ የሚሸጥ ዳስ አየንና ቆምን። አንዱ ቅርጫት አሥራ ሁለት ዶላር ነው፤ ኮኩ እጅ ላይ ይፈሳል። ጋሽ ዳኜ ክራቫታቸውን በመስተዋት ሊያስተካክሉ ወደ መጸዳጃ ቤት ሄዱ።

ሻጩ ባርኔጣ ያጠለቀ ሽማግሌ ገበሬ ነው። ለጨዋታ ያህል ጭሱ ለኮኩ አይከፋም ወይ አልኩት።

«ኮክ ምን ይሆናል! ለወይን ነው እንጂ ሞት» አለኝ። «ጭስ የነካው ወይን ጠጅ ተስፋ የለውም። ጎረቤቴ አንድ ዓመት ምርቱን በሙሉ ደፍቶታል።»

«ትንሽ ሽታ ብትሆንስ?»

«ትንሿም ትበቃለች። የሚያውቅ ሰው ገና አፍንጫው ሲቀርብ ይለያታል። አመድ የላሰ ነው የሚመስለው።»

እጄ ላይ የያዝኩት ኮክ ወደቀ። ትንሽ ሽታ ይላል እሱ! እኔ አንድ ከረጢት ወይራ ጨርሼበታለሁ። የካምፕ እሳት ያለችኝ ልጅ ትዝ አለችኝ። 

ጋሽ ዳኜ ክራቫታቸውን አስተካክለው፣ ፀጉራቸውን በውኃ አስተኝተው መጡ። መኪና ውስጥ ስንገባ ሞከርኩ።

«ጋሼ፣ ወደ ኋላ ተመልሰን መንገድ ላይ ያለፍነው ፍል ውኃ ብንታጠብስ? ለወገብዎ ጥሩ ነው።»

«በክራቫት?»

«ካልሆነ ሌላ ቀን ብንመጣስ? እኔ ሆዴን ትንሽ ቁርጠት...»

«ታምራት» አሉና ትከሻዬን ያዙኝ። «ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው። አንድ የሚያውቅ ሰው ቀምሶ ‹ይህ በደንብ የተጠመቀ ወይን ጠጅ ነው› ቢለኝ ይበቃኛል። በላቸው የፈለገውን ይበል። አንዴ ብቻ ልስማው።»

አንጀቴን በሉት። መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው፤ እኔ ግን መኪናዋን አስነሳሁ።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ኤለን ቤት

ኤለን ስልሳዎቹን የያዘች፣ ቦት ጫማ ያደረገች፣ ጥፍሯ እንደ እኔ የመስከረም ጣቶች ወይን ጠጅ ቀለም የሆነ ሴት ናት። የጋሽ ዳኜን ሱፍ አይታ እጇን በሱሪዋ ጠርጋ ጨበጠቻቸው። ጓዳው ቀዝቃዛ ነው፤ በርሜሎች ሁለት ረድፍ ሆነው ተኝተዋል። ብርጭቆ አወጣች፣ ቀዳች፣ ለብርሃን ይዛ አየች።

«ቀለሙ ቆንጆ ነው» አለች። ጋሽ ዳኜ አንገታቸውን ቀና አደረጉ።

ብርጭቆውን አዙራ አሸተተች። ቆመች። እንደገና አሸተተች። ከዚያ ጎንጨት አለችና ባልዲ ውስጥ ተፋችው።

«ምነው ተፋችው?» አሉኝ በሹክሹክታ።

«ሁሉንም ይተፋሉ ጋሼ፤ ሥራቸው ነው» አልኩ። ይህ እንኳ እውነት ነበር።

ኤለን ብርጭቆውን አስቀመጠች። «ወይኑ የበቀለበት አካባቢ ቃጠሎ ነበር?» ስትል ጋሽ ዳኜን ጠየቀቻቸው።

«ኧረ የለም። ኦሮራ መሃል፣ አጥር ላይ ነው የለቀምነው።»

«ይህ ግን ጭስ ነው። በሕይወቴ ይህን ያህል ጭስ አሽትቼ አላውቅም።»

ጋሽ ዳኜ ወደ እኔ ዞሩ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ አልጠላም ነበር።

«በወይራ አጠንኩት ጋሼ» አልኩ በአማርኛ።

«ምኑን?»

«በርሜሉን።»

«ስንቴ?»

«ሁለቴ።»

ኤለን ምን እንደተባለ ጠየቀችኝ፤ ሁሉንም ነገርኳት። ወይራውን፣ ፍሙን፣ የደፋሁትን በርሜል። መጀመሪያ አላመነችኝም። ከዚያ ሳቋ መጣና ሳጥን ላይ ተቀመጠች። «እኛ ጭስ በጣሪያ እንዳይገባብን ሰማይ ሰማይ እያየን እንጨነቃለን፤ አንተ ከሱቅ ገዝተህ ታስገባለህ!» አለች ዓይኗን እየጠረገች።

ጋሽ ዳኜ አልሳቁም። ኮታቸውን አወለቁ፤ ቀስ ብለው አጥፈው ካርቶኑ ላይ አስቀመጡት። ከዚያ በዚያች በዝግታ በሚናገሯት እንግሊዝኛቸው እንዲህ አሏት፦

«እኔ ጠማቂ አልነበርኩም። አሥራ አንድ ዓመት በርሜል አጣቢ ነበርኩ። ወይን ጠጁን አንድም ቀን አላስነኩኝም። ጠማቂዎቹ ሲሠሩ ከጓዳው በር ላይ ቆሜ እያየሁ ነው የተማርኩት።» ወደ እኔም ዞር ብለው «የማውቀውን ሥራ ለአንተ ሰጥቼ የማላውቀውን ያዝኩ» አሉ።

አሥራ ሁለት ዓመት ሳውቃቸው ይህንን ሰምቼ አላውቅም። አፈርኩ፤ በእሳቸው ሳይሆን በራሴ።

ኤለን ብርጭቆውን መልሳ አነሳች። ጎንጨት አለች፤ አሁን አልተፋችውም። «ጭሱን ማንም አያድነውም» አለች። «ከጭሱ ሥር ያለው ግን ንጹሕ ነው። ኮምጣጤ አልሆነም። የዱር ወይን እንደዚህ ሲገራ አላየሁም፤ እኔ ሁለቴ ሞክሬ ሁለቴም ደፍቻለሁ። ምን አደረጉት?»

«ትዕግሥት» አሉ ጋሽ ዳኜ። ቀጥለውም ሳይጠየቁ በአጠገባቸው ያለውን በርሜል በጣታቸው አጥንት ኳ ኳ አደረጉና አዳመጡ። «ይህ ያፈስሳል» አሉ። ኤለን ጎንበስ ብላ ከሥር ዳሰሰች፤ ጣቷ እርጥብ ሆነ። ከዚያማ እኔን ረሱኝ። ጋሽ ዳኜ እጅጌያቸውን ሰብስበው ሰንሰለት በርሜል ውስጥ ከፈላ ውኃ ጋር ከትቶ እንዴት እንደሚንከባለል፣ ቆሻሻው እንዴት እንደሚለቅ ሲያሳዩዋት፣ እሷ ማስታወሻ ደብተሯን ይዛ ትጽፋለች። ስንሰናበት «ጠማቂ በየቦታው ሞልቷል፤ በርሜል የሚያዳምጥ ሰው ግን አጥቻለሁ። መስከረም ላይ ይምጡልኝ» አለቻቸው። ካልተከፈቱትም አንዱን ጠርሙስ ለራሷ አስቀረች። ሥጋ ስትጠብስ ልትጠጣው ነው።

መመለሻ

እስከ ዋሻው ድረስ ይቅርታ ብዬ ብዬ ደከመኝ። ዋሻው መሃል ስንደርስ የጋሽ ዳኜ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እያለቀሱ መስሎኝ ደነገጥኩ።

«ሁለቴ!» አሉ በሳቅ እየተንፈራፈሩ። «አንዴ አይበቃህም ነበር?»

ኦሮራ ስንደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ቤቴ በረንዳ ላይ ባለቤቴ አልማዝ፣ በላቸውና ሁለት የማኅበር ሰዎች ፍርዱን ለመስማት ተሰብስበው ይጠብቁናል። የተረፈችንን አንድ ጠርሙስ ከፈትን። በላቸው አንዴ ጎንጨት አለና ዓይኑን ጨፈነ።

«አቦ! ይሄ ነው ወይን ጠጅ! ጠረኑ!»

«ተበላሽቷል» አሉ ጋሽ ዳኜ። «ይህ ስህተት ነው። ጭስ ነው። የሚያውቅ ሰው ይተፋዋል።»

«ለእኔ ጨምሩልኝ» አለች አልማዝ።

ሁሉም ደገመ። ጋሽ ዳኜ ከአንዱ ወደ አንዱ እየዞሩ መበላሸቱን ያስረዳሉ፤ ሰዉ ራሱን እየነቀነቀ ይጠጣል። በመጨረሻ መሃል ላይ ቆሙና ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«ስሙኝ። እኔ ፋብሪካው ውስጥ ጠማቂ አልነበርኩም። በርሜል አጣቢ ነበርኩ። ሠላሳ ዓመት ዋሽቻችኋለሁ።»

 ሁላችንም በላቸውን አየን፤ እንዲህ ያለ ነገር አግኝቶ ዝም አይልም። በላቸው ብርጭቆውን አየ፣ ጋሽ ዳኜን አየ፣ ግራ ገባው።

«እሺ ጋሼ» አለ፤ «ታዲያ ይሄንን ማን ጠመቀው?»

ጋሽ ዳኜ ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱና ቆሙ። ነገሩን እሳቸውም ገና አሁን ያሰቡት ይመስላል።

«ይሄንንማ...» አሉ፤ «ይሄንንማ እኔ ነኝ የጠመቅኩት።»

በላቸው ብርጭቆውን ዘረጋላቸው። ጋሽ ዳኜ ቀዱለት። በዚያ ሁሉ ዳገትና ቁልቁለት የተማርኩት ይህንን ነው፤ ሰው ውሸቱን ለመናዘዝ ብድግ ባለበት ቦታ ውሸቱ እውነት ሆኖ ሊያገኘው ይችላል። በርሜል ማጠብን በተመለከተ ደግሞ የምናገረው የለኝም፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ በገዛ ጋራዤ ውስጥ በርሜሉ አጠገብ እንዳልደርስ ተከልክያለሁ።