ቀን የተቀጠለባት ዶሮ

አቧራ የጠጣ አምፖል ሲግል የሚሸተው ነገር አለ። ያ ሽታ አፍንጫዬን ሲነካው ነጌሌ፣ ከሱቃችን ጓሮ፣ አጎቴ ሐሰን በቆርቆሮ የሠራው የዶሮ ቤት ትዝ ይለኛል።

እኛ አገር ቀኑና ሌሊቱ ዓመቱን ሙሉ እኩል ለእኩል ነው ማለት ይቻላል። ዶሮ ሲመሽ ትሰፍራለች፣ ሲነጋ ትወርዳለች። አንድ የቦሬ እንቁላል ነጋዴ ግን አጎቴን፣ «ቀኑን በመብራት አስረዝምላት፤ መጣሏን አታቆምም» አለው። አጎቴም አምፖል ሰቀለ። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ይባል የለ? ዶሮዎቹ የመሸ አልመሰላቸውም፤ ብዙ ሳምንት ሳይቆይ ቅርጫቱ ሞላ።

ገብስማዋ የእኔ ነበረች። ጎረቤታችን አዴ ዳዲ ጫጩት ሳለች ነው የሰጡኝ። አጎቴም፣ ስትታቀፍ የምትፈለፍላቸው ሁሉ ያንቺ ናቸው ብሎኝ ነበር። አምፖሉ እየበራባትም አንድ ቀን እንቁላሎቿ ላይ ላባዋን ነፍታ ተኛች፤ ጥሬ ብበትንላት አልነሳ አለች። ደስታዬን የማደርግበት አጣሁ።

አጎቴ ግን ቃሉን አጠፈ። «የታቀፈች ዶሮ ሥራ ፈት ናት» አለና እግሯን አስያዘኝ። ከክንፏ አንድ ላባ ነቅሎ በአፍንጫዋ ቀዳዳዎች አሻገረው። መታቀፏን እንድትረሳ ሰዉ ሁሉ የሚያደርገው ነው። ብለቃት ዘላ አጥር ትሻገር ነበር። አልለቀቅኳትም፤ አጎቴን ፈራሁ።

አዴ ዳዲ ጩኸቷን ሰምተው ከአጥር ማዶ፣ «ሐሰን! ኧረ ዋቃን ፍራ!» አሉት።

«አዴ፣ አንቱ ደግሞ ለዶሮ ያዝናሉ?» ብሎ ሳቀ።

ገብስማዋ ወደ አምፖሉ ተመለሰች። ጣለች፣ ጣለች። ቅርፊቱ እየሳሳ ሄዶ በመጨረሻ ያለ ቅርፊት መጣል ጀመረች። አንድ ጠዋት ስገባ ማህፀኗ ወጥቶ ሌሎቹ ከበው ሲነቁሯት አገኘኋት። ገና ትተነፍስ ነበር። እያለቀስኩ ሮጬ ለአጎቴ ነገርኩት። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፤ «የዛሬውን ጥላለች?»

ያኔ ዕድሜ ልኬን የምጠላው መስሎኝ ነበር። ዛሬ እዚያው ነጌሌ ጫፍ የራሴ የዶሮ እርባታ አለኝ። የእኔዎቹ የፈረንጅ ዘር ናቸው፤ መታቀፍ አያውቁም፤ ላባ ማሻገርም አያስፈልገኝም። መብራት ብቻ ነው። እንዲያውም አጎቴ ብልህ ሰው ነበር እላለሁ፣ እያፈርኩ።

በቀደም ልጄ በሩ ላይ ቆማ ስታያቸው ቆየችና፣ «እማዬ፣ እነዚህ መቼ ነው የሚያርፉት?» አለችኝ።

«ሲታረዱ» አልኳት።

ከዚያ ቀን ወዲህ ስጠራት ቶሎ አትመጣም።