ጃንጥላ የያዘችው ፍየል

ልጅ እያለሁ ካርቱን ጂንካ የሚደርሰው በአውሮፕላን ነበር። የሞተሩን ድምፅ ስንሰማ ከከተማው መሃል፣ አውሮፕላኑ ከሚያርፍበት ሜዳ ላይ ላሞቹን ልናባርር እንሮጣለን። ከጭነቱ መካከል ክብ የቆርቆሮ ሣጥን ካየን ቅዳሜ ፊልም አለ ማለት ነው። ፊልም አሳዩ ጋሽ ደምሴ የክፍላችንን መስኮቶች በብርድ ልብስ ይጋርዱና መጀመሪያ ስለ ወባ፣ ቀጥሎ ስለ መጸዳጃ ጉድጓድ ያሳዩናል። ያን ሁሉ የምንታገሠው መጨረሻ ላይ ለምትመጣው አጭር ካርቱን ስንል ነው። ጥቁርና ነጭ ናት፤ ድምፅ የላትም፤ እንደ ዝናብ የሚወርድ ጭረት ሞልቷታል። አንዲት ፍየል ጃንጥላ ይዛ ስትሄድ ነፋስ አንሥቶ ይወስዳታል።

ፊልሙ ስላረጀ ቶሎ ቶሎ ይበጠስ ነበር። ጋሽ ደምሴ የተጎዳውን በመቀስ ቆርጠው ሲጥሉ ግፊያው ሌላ ነው። ቁራጩን ወደ ፀሐይ ስናነሣው ጥፍር የምታክል ፍየል ትታያለች። እኔ የሰበሰብኳቸውን በመዝሙር ደብተሬ ገጾች መሃል አስቀምጥ ነበር። ጃንጥላዋ የተገለበጠባትን ለማግኘት ለጎረቤት ልጅ አንድ ቅርጫት ማንጎ ሰጥቻለሁ።

በዚያው ዓመት ታናሽ እህቴን ማርታን ኩፍኝ ያዛት። ትኩሳቱ ሲለቃት ዓይኖቿ አብጠው ተዘጉ። የጤና ጣቢያው ድሬሰር ቅባት ቀብተው በጨርቅ ሸፈኗቸውና፣ "ሳምንት ይቆይ፤ ከዚያ በኋላ እግዚአብሔር ያውቃል" አሉ። እናቴ እህል አልወርድላት አለ። የቤተ ክርስቲያን ሴቶች እየመጡ በአገሬው ቋንቋ በአሪኛ ለማርታ ይጸልዩላት ነበር።

ጨርቁ በተፈታ ጠዋት ማርታ ዓይኗን አርገበገበች። አባቴ ጣቱን ቢያሳያት፣ እናቴ ብትጠራት መልስ የለም። ፈርታ ይሁን ማየት አቅቷት ማናችንም አላወቅንም። እኔ ሮጬ ደብተሬን አመጣሁና ፍየሏን በመስኮቱ ብርሃን ፊት ያዝኩላት።

"ማርቲ፣ ምን ይታይሻል?"

ፊቷን ጠጋ አድርጋ፣ "ውይ፣ ጃንጥላዋ ተበላሸባት!" አለች።

እናቴ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብላ "ተመስገን፣ ተመስገን" እያለች አለቀሰች። አባቴ ፈጥኖ ወጣ፤ ጓሮ ቆሞ ፊቱን በኮቱ እጅጌ ሲጠርግ አየሁት። እኔም ሳምንቱን ሙሉ ደረቴ ላይ ተቀምጦ የከረመው ድንጋይ ተነሣልኝ። ፍየሏን ለማርታ ሰጠኋት፤ ሥዕሉ እስኪደበዝዝ ከእጇ አልለየችውም።

ዛሬ የእሷ ልጆች ካርቱን የሚያዩት በስልክ ነው፤ አንዱን ሳይጨርሱ ወደ ሌላው ያልፋሉ። እኛ ለአንዲቷ ስንት ቅዳሜ እንጠብቅ እንደነበር ልነግራቸው እልና እተወዋለሁ። ማርታ መሃላቸው ተቀምጣ፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣ ከልጆቿ በላይ ትስቃለች። እኔ ደግሞ እሷን አያለሁ።